ኮምፒውተሬ በራሱ እየጠፋ የሚነሳው ለምንድን ነው?

ሰላም ሰላም የቻናላችን ቤተሰቦች! እንዴት ናችሁ? እኔ ጅማ ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፄ ከተዋጠባችሁ ጨመር አድርጉት።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ የሚያናድድ ነገር ነው። ቁጭ ብላችሁ እየሠራችሁ፣ ድንገት ስክሪኑ ጭልም። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ምን የለ። ከዚያ ራሱ ተመልሶ ይነሳል። እህቴ ፈረንጅ አራዳ ነው ቤቷ፣ የመመረቂያ ጽሑፏን በዚህ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ አንድ ገጽ ጽፋ ሁለቴ ስትደግም አየኋትና አንጀቴን በላችው። ይህን ቪዲዮ የሠራሁት በዚያ ምክንያት ነው።

እስቲ ከበርጩማ እንጀምር። አዎ፣ በርጩማ! የጅማን በርጩማ ታውቁታላችሁ አይደል? ሦስት እግር ያለው፣ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣው። አንድ ቀን የሚጠርቡ አባት አጠገብ ቁጭ ብዬ ሲሠሩ አየሁ። አንዱን እግር ትንሽ ይልጉታል፣ ገልብጠው መሬት ላይ ያቆሙታል፣ በመዳፋቸው ይጫኑታል፣ እንደገና አንስተው ትንሽ ይልጋሉ። «አባባ፣ ለምን አራት እግር አያደርጉለትም?» አልኳቸው። «አራቱ ሜዳ ይፈልጋል፣ ሦስቱ ድንጋይ ላይም ይቆማል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ሦስት እግር መሬቱ ቢጎረብጥም አይነቃነቅም።

ግን አስቡት። ባለ አራት እግር ወንበር አንዱ እግሩ ሲላላ መጀመሪያ ይነቃነቃል፣ ይንጫጫል፣ ተነሡ ይላችኋል። በርጩማው አንድ እግሩ ከከዳው ግን ምንም አይላችሁም። ዘጭ! ስኒው በእጃችሁ እንዳለ መሬት ናችሁ።

ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ከግድግዳው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚያከፋፍለው ሣጥን፣ በርጩማ ነው። ሦስት እግር አለው፦ 12 ቮልት፣ 5 ቮልት፣ 3.3 ቮልት። ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) በሉት፣ ፕሮሰሰሩ በሉት፣ ሁሉም የተቀመጠው እነዚህ ላይ ነው። ከነሱ ጋር ደግሞ አንዲት ግራጫ ሽቦ አለች። ሥራዋ ለማዘርቦርዱ «ሁሉም ደህና ነው» ማለት ብቻ ነው። እሷ ዝም ያለች ቅጽበት ማዘርቦርዱ ሪሴት ያደርጋል። ዊንዶውስን አያማክርም፣ ስለዚህ ዊንዶውስ ምንም ሊነግራችሁ አይችልም። ዘጭ ያልኩት ይሄን ነው።

አሁን እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ሁሌ የምትሉኝን አውቃለሁ። «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት አድርገው!» እህቴንም አንድ ጥገና ቤት እንዲሁ አላት፣ ፎርማት ተደረገ፣ ፎቶዎቿ ሄዱ፣ ኮምፒውተሩ ግን በማግስቱ ያው ጠፋ። እባካችሁ፣ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ኮምፒውተሩን አስነሡና ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ገብታችሁ ለግማሽ ሰዓት ተዉት። እዚያ ዊንዶውስ የለም፣ የዊንዶውስ ቫይረስም የለም። እዚያም ከጠፋ ችግሩ ሃርድዌር ነው፣ ፎርማት የሚባል ነገር አታንሱብኝ። ካልጠፋ ግን ሃርድዌሩ ነጻ ነው ማለት አይደለም፣ ባዮስ ሥራ ስለማይበዛበት ነው። ሌላም አለ። ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል አይታችሁ «በቃ ፓወር ሰፕላዩ ነው» የምትሉ አላችሁ። 41 የሚለው «በሥርዓት ሳልዘጋ ጠፋሁ» ብቻ ነው። ለምን እንደጠፋ አይናገርም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ወረቀት ያዙና የጠፋበትን ሰዓት ጻፉ። እህቴ ጻፈች፣ ሁሌም ረፋዱ ላይ ሆነ። ረፋድ ላይ ምን አለ? እንጀራ! የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ፈዘዝ ይላል፣ ኮምፒውተሩም ያኔ ይጠፋል። ደህና ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳው የሚመጣው ቢቋረጥበት 16 ሚሊሰከንድ ያህል ከራሱ ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ከሚያጠራቅመው ዕቃ፣ እየበላ ይቆያል። ካፓሲተሩ ሲያረጅ ያቺም ታጥራለች። ስለዚህ በፊት ይችለው የነበረው ምጣድ አሁን ይጥለዋል። ኮምፒውተርና ምጣድ አንድ ዲቫይደር ላይ የሰካችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ንቀሉ!

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበለው፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ቴስተር ካላችሁ ቢጫው ሽቦ (የ12 ቮልቱ) ከጥቁሩ ጋር ሲለካ ከ11.4 ቮልት በታች መውረድ የለበትም፣ ቀዩ (የ5 ቮልቱ) ደግሞ ከ4.75። ጨዋታ ወይም ከባድ ሥራ ላይ እያለ ለኩት። ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ሁለት ከሆነ አንዱን አውጡና በአንዱ ብቻ ዋሉ፣ ከዚያ ቀይሩ። ራም የሚፈትሸው ሜምቴስት 86 የሚባል ፕሮግራም ሌሊቱን ይሥራ፣ አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ያ ራም አይታመንም። ሙቀት ከሆነ ብዙ ጊዜ ሥራ ሲበዛበት ነው የሚጠፋው፣ ፋኑን አጽዱ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱን፣ ቀይሩ። ቡና በሚቆላበት ክፍል ያለ ኮምፒውተር ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? አቧራው ከጭሱ ጋር ተጣብቆ ቡናማ ሊጥ ይሆናል፣ እፍ ቢሉት አይነሳም፣ በብሩሽ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ደግሞ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች ካሉ ዕድሜው ደርሷል።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ ሣጥን አትክፈቱ። ከ220 ቮልት የሚጠራቀመው ወደ 310 ቮልት ይደርሳል፣ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ሊቆይ ይችላል። እሱን ለባለሙያ ስጡ፣ ወይም በሌላ ቀይሩት።

እኔ የራሴን አውጥቼ ለእህቴ ገጠምኩላት። ውድ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ከዘመድ ተውሳችሁ መሞከር ይሻላል። ሁለት የእንጀራ ቀን አለፈ፣ ምጣዱ ተጥዶ እሷ እየጻፈች ነበር፣ አልጠፋም። አዲስ ገዛንላት። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ የጻፋችሁትንም ሰዓት ከታች አስቀምጡልኝ፣ ያን ሰዓት ቤት ውስጥ ምን እንደበራም ጨምሩበት።