መንገዱ በማን ደጅ ያልፋል? ዶላርና ዲጂታል ገንዘብ

[ምስል፦ መርካቶ፤ ከቻይና የመጣ ጨርቅ ከመኪና ሲራገፍ]

ሰላም እንዴት ናችሁ? ከመርካቶ እንጀምር። አንድ ነጋዴ ከቻይና ጨርቅ ያስመጣል። ገዢው ኢትዮጵያዊ፣ ሻጩ ቻይናዊ ነው። አሜሪካዊ በመሃል የለም። ነጋዴው ግን ኤልሲ (ባንኩ ለሻጩ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ) የሚከፍተው በዶላር ነው። ዶላሩ እስኪገኝ ድረስ የባንክ ደጅ ይጠናል።

ዶላሩ ተገኘ እንበል። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ቻይና አይገባም። የዶላር ሂሳብ በአብዛኛው የሚወራረደው ኒው ዮርክ ባሉ ባንኮች በኩል ነው። የአሜሪካ ጉልበት ያለው እዚህ ጋ ነው። ገንዘቡን ማተሟ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ግን መንገዱ በደጇ ማለፉ ነው። በደጇ የሚያልፈውን ታቆማለች፣ ትቀጣለች።

ቢኤንፒ ፓሪባ የፈረንሳይ ባንክ ነው። ማዕቀብ ከተጣለባቸው ከሱዳን፣ ከኢራንና ከኩባ ጋር በዶላር በመሥራቱ በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጥፋተኝነቱን አምኖ 8.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ። ሱዳን የት፣ ፓሪስ የት! በ2022 ደግሞ ምዕራባውያን ወደ 300 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ ክምችት አገዱ። ያኔ ብዙ አገር «ነገ በእኔስ?» ብሎ ደነገጠ።

[ምስል፦ ካርታ፤ ከኤምሬትስ ወደ ቻይና የተዘረጋ መስመር]

ዲጂታል ገንዘብ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ኤምብሪጅ የሚባል ሥርዓት አለ። የቻይና፣ የሆንግ ኮንግ፣ የታይላንድና የኤምሬትስ ማዕከላዊ ባንኮች ዲጂታል ገንዘባቸውን በአንድ የጋራ መዝገብ ላይ ያንቀሳቅሱበታል። በጥር 2024 ኤምሬትስ 50 ሚሊዮን ድርሃም በቀጥታ ወደ ቻይና ላከች። ኒው ዮርክን የነካ ነገር የለም። መጠኑ በዓለም ንግድ ፊት ጠብታ ነው። ግን መንገዱ እንደሚሠራ ታይቷል።

ታዲያ ዶላር አበቃለት? እኔ አይመስለኝም። ቻይና ገንዘብ ከአገሯ እንደልብ እንዲወጣ አትፈቅድም። እንደልብህ የማታንቀሳቅሰውን ዩዋን ደግሞ ማን ብሎ ያከማቻል? የዓለም ማዕከላዊ ባንኮች መጠባበቂያ ከግማሽ በላይ አሁንም ዶላር ነው።

[ምስል፦ ስልክ ላይ የሚታይ የዶላር ሂሳብ]

ሌላም ነገር አለ፤ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ስቴብልኮይን የሚባሉት ዲጂታል ገንዘቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም ዋጋቸው ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። የገዛ ገንዘቡ በየጊዜው የሚረክስበት ሰው፣ ሌጎስም ይሁን ቦነስ አይረስ፣ ባንክ ሳይሄድ በስልኩ ዶላር ይይዛል። ሰውየው አይፈረድበትም። የአገሩ ማዕከላዊ ባንክ ግን እየተዳከመ ይሄዳል። ብርም ከዚህ አያመልጥም።

አሜሪካ ይሄ ገብቷታል። በሐምሌ 2025 ለስቴብልኮይን ሕግ አወጣች፤ አውጪዎቹ በጥሬ ገንዘብ ወይም በአጭር ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ሰነድ መያዣ እንዲያስቀምጡ ታስገድዳለች። ትልቁ አውጪ ቴተር ከወዲሁ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚሆን ይሄን ሰነድ ይዟል። የአሜሪካ ፖሊስ ሲጠይቀውም አካውንት ያግዳል።