«ሶረማ» ማን ናት?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንዲት ቃል ነው። የሰማኋት ናፖሊ ውስጥ፣ የምንከባከባቸው አሮጊት ወጥ ቤት ተቀምጠን ባቄላ ስንፈለፍል ነው።

ከዚያ በፊት ግን «ኒፖቴ» የሚባለው ቃል አሳስቶኝ ነበር። ሲኞራ (አሮጊቷን የምጠራቸው እንዲህ ነው፤ «እመቤት» እንደማለት) «እሑድ ኒፖቴ ይመጣል» አሉኝ። ቃሉን የማውቀው «የልጅ ልጅ» በሚለው ትርጉሙ ስለነበረ ብስኩትና ጭማቂ ገዝቼ ጠበቅሁ። በሩን ስከፍት ሽበት የጣለበት ጎልማሳ ቆሟል፤ የወንድማቸው ልጅ ነው። በጣሊያንኛ የልጅ ልጅም፣ የወንድም ልጅም፣ የእህት ልጅም ኒፖቴ ነው፤ ሴትም ብትሆን ቃሉ አይለወጥም። በዚህስ የእኛው ይሻላል፤ «የእህቴ ልጅ» ስንል ዝምድናው በማን በኩል እንደሆነ አብሮ ይነገራል።

ወደ ባቄላው ልመለስ። ሲኞራ ስለ ልጅነታቸው እያወሩ «ሶረማ እንዲህ አለች፣ ሶረማ እንዲህ አደረገች» ይላሉ። የሰው ስም መስሎኝ «ሶረማ ማን ናት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ከባቄላው ላይ አንሥተው ደረታቸውን ነካ አደረጉና በትምህርት ቤቱ ጣሊያንኛ «ሚያ ሶሬላ!» አሉኝ። እህቴ ማለታቸው ነው።

እኔ ግን ልቤ ቀጥ አለ። በጣሊያንኛ «የእኔ» የሚለው ቃል ለብቻው ቆሞ ከስሙ ፊት ይመጣል፤ «ሚዮ ፓድሬ» ማለት አባቴ ነው። በናፖሊኛ ግን እንደ እኛው ከቃሉ ጭራ ላይ ይጣበቃል። «ሶረማ» እህቴ፣ «ፓተሞ» አባቴ፣ «ፍራተሞ» ወንድሜ፣ «ማመታ» እናትህ፤ የምናናግራት ሴት ብትሆንም ያው ነው። የመጨረሻዋ ድምፅ እንኳን ቀለል ብላ ነው የምትወጣው። ስንት ዓመት በባዕድ ቋንቋ ስኖር «እህቴ» ስል የሚሰማኝን ያን ጥብቀት በሌላ ሰው አፍ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

የገረመኝ ደግሞ ይህ መጣበቅ የተያዘው ለቤተሰብ መሆኑ ነው። እኛ ቤቴም፣ መጽሐፌም፣ ጫማዬም እንላለን፤ እነርሱ እንዲህ የሚያጣብቁት የዘመድ መጠሪያን ነው። ያውም የእኔና የአንተ፣ የአንቺ ሲሆን ነው። የሌላ ሰው አባት ከሆነ «የእርሱ» የሚለው ተነጥሎ ይነገራል። ፊት ለፊት ተቀምጠው ለሚጨዋወቱ ሁለት ሰዎች የተሠራ ሰዋስው ይመስለኛል።

እኔም «እህቴ» የሚለውን አስተማርኋቸው። «ህ»ን ለማውጣት ብዙ ተቸገሩ፤ «እቴ» ይላሉ። እኛ ዘንድም «እቴ» የእህት መጠሪያ እንደሆነ ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው።

አሁን እሑድ እሑድ ከአዲስ አበባ ሲደወልልኝ ስልኩን ቀድመው የሚያነሡት እርሳቸው ናቸው። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ከሆነ ከወጥ ቤት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጣራሉ፦ «ሶረታ! ሶረታ!» እህትሽ ናት፣ ቶሎ ነዪ።