ማኅደር፦ መጽሐፍ የሚያድርበት

እንደምን ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። አንድ ቃል ይዤ መጥቻለሁ፤ ማኅደር።

ዕቃ የምንይዝባቸው ነገሮች ስማቸው ብዙውን ጊዜ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ቦርሳ ከጣሊያንኛ ነው። ሻንጣን ዐረቦቹም ቱርኮቹም በየአፋቸው ይሉታል። እሱን እንለፈው።

ማኅደር ግን ግዕዝ ነው። «ኀደረ» ማለት «አደረ» ማለት ነው። መንበር «ነበረ» ከሚለው፣ ተቀመጠ ከማለት እንደወጣ፣ ማኅደርም ከ«ኀደረ» ወጣ። ማደሪያ ማለት ነው፤ በቃ። ማርያምን «ማኅደረ መለኮት» ሲሏት የመለኮት ማደሪያ ማለታቸው ነው።

ይህ ትልቅ ስም ነው እንግዲህ ለቆዳ መያዣ የተሰጠው። የብራና መጽሐፍ ገበታው፣ ማለትም ሽፋኑ፣ እንጨት ነው፣ ይከብዳል። ስለዚህ በልኩ የተሰፋ ጠንካራ የቆዳ ማኅደር አለው፣ ከነማንገቻው። መንገደኛው ትከሻው ላይ ያነግተዋል። ሲደርስ በዚያው ማንገቻ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። መሬት ስለማይነካ እርጥበትም አይጥም በቀላሉ አያገኘውም። ሮበርት ከርዘን የሚባል እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1830ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ግብፅ በረሃ ውስጥ አንድ ገዳም ገብቶ ነበር። እዚያ የነበሩት ሐበሻ መነኮሳት መጻሕፍታቸው መደርደሪያ ላይ አልነበሩም። እንደዚሁ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥለው ነው ያገኛቸው። እስቲ አስቡት፤ ቤተ መጻሕፍቱ በሙሉ ለመንገድ የተዘጋጀ ይመስላል።

እኔን ደስ የሚለኝ ይሄ ነው። ዕቃው ማንገቻ አለው፣ ይዞሩበታል። ስም ያወጡለት ሰዎች ግን መሸከሙን አላዩም፤ መጽሐፉ ውስጡ ማደሩን አዩ።

ከዚያ ቃሉ ቢሮ ገባ። «የግል ማህደር» የምንለው ፋይል ማለት ነው። (አሁን በ«ህ» ነው የሚጻፈው። እኔ «ኅ»ን እመርጣለሁ፤ ዘሩን ያሳያላ!) አንድ መሥሪያ ቤት «ማህደርህ አልተገኘም» ተብዬ አውቃለሁ። የት አድሮ ይሆን አልኩ በሆዴ። ጮክ ብዬ ብናገር ጉዳዬም እዚያው ያድር ነበር።

ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ «ማህደረ ትውስታ» ተባለ። ቃሉ ያምራል። ግን ራምንም፣ ኮምፒውተሩ ሲሠራ ነገሩን ለጊዜው የሚይዝበትን ክፍል፣ በዚሁ ስም ስንጠራው ያስቀኛል። ራም መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ሳይጠፋበት የሚያድረው ዲስኩ ነው። ስሙ ለዲስኩ ቢሰጥ ደስ ባለኝ።