ከዓባይ በረሃ እስከ ፈንታሌ፦ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ! አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆች፤ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ተናገር ስባል መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ሳይንሱ ሳይሆን ወሬው ነው። በ2017 ዓ.ም. ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባሉት እሳተ ገሞራዎች፣ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲናጥ ስልካችን ላይ ያልተባለ ነገር አልነበረም። «ዛሬ ሌሊት ትልቁ ይመጣል» ያለ ነበር። «ሕዳሴ ግድቡ ነው ያመጣው» ያለም ነበር። ሁለቱንም እመለስባቸዋለሁ። ቅድሚያ ግን መሬቱን ራሱን እንየው።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። መጀመሪያ የምታዩት ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ሆድ የወጣ ቅልጥ አለት አንዱ ባንዱ ላይ እየፈሰሰ የረጋው ነው። ዝቅ ስትሉ ነጣ ያለ ድንጋይ ይመጣል። እሱ ኖራ ድንጋይ ነው፤ የተሠራውም ባሕር ውስጥ ነው። አዎ፣ ይሄ አገር ባሕር ነበር፤ የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ከዚያ በታች ጄሶ አለ። ወደ ድልድዩ ስትጠጉ ደግሞ አሸዋ ድንጋይ። ልጆች፣ ይሄን ለፈተና አትሸምድዱት፤ አዲስ አበባ ስትሄዱ በዓይናችሁ እዩት። ሹፌሩም ቀስ ይበል፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር የሚንሸራተተው፣ ከድንጋዩ መሃል ያለው ሸክላማ ንጣፍ ውሃ ሲጠጣ ስለሚላላ ነው።

ታዲያ ባሕር የነበረው እንዴት ደጋ ሆነ? ከሥር የመጣው ሙቀት አገሩን ሽቅብ አነሳው። ዓባይም እየቆፈረ ወረደ። ጮቄ ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። እንጅባራ አጠገብ ያለው ዘንገናም እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተወው ጉድጓድ ነው፤ በኋላ ውሃ ሞላው። እንግዲህ ጎጃም ከዚህ ነገር ውጭ ሆኖ አያውቅም።

አሁን ወደ ፕሌቶቹ። ከእግራችን እስከ ምድር መሃል 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ ግትር የሆነው የላይኛው ክፍል በአማካይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እሱም ሰባት ትልልቅና ብዙ ትንንሽ ቦታ ተሰባብሯል፤ እያንዳንዱ ስባሪ ፕሌት ይባላል። ከሥራቸው ያለው አለት ጠጣር ቢሆንም በጣም ስለጋለ በዝግታ ይሳባል፤ ፕሌቶቹም በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይሄዳሉ። ሲጋጩ እንደ ሂማላያ ያለ ተራራ ይነሳል። አንዱ ከሌላው ሥር ሲገባ እንደ ጃፓንና እንደ ቺሊ ያለ ቦታ በከባዱ ይናጣል። አህጉራት ይሄዳሉ የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1912 ያነሳው ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር ነበር። አህጉራቱን የሚገፋው ምን እንደሆነ ማሳየት ስላልቻለ ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በ1930 ግሪንላንድ በረዶ ላይ ሞተ። ሐሳቡ ተቀባይነት ያገኘው ከ30 ዓመት በኋላ ነው፤ የባሕር ወለል ሲጠና።

እኛ ያለነው ኑቢያ በሚባለው ፕሌት ላይ ነው። ባሌና ሐረር ደግሞ ሶማሊያ በሚባለው ላይ ናቸው። መሃላቸው ስምጥ ሸለቆ ነው። በዓመት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ሐረር ዘመድ ያለው ጎጃሜ መንገዱ በየዓመቱ ይረዝምበታል ማለት ነው፤ ታሪፍ ለመጨመር ግን አያበቃም።

መንቀጥቀጡ የሚመጣው እንዲህ ነው። ፕሌቶቹ ሲንቀሳቀሱ ላይኛው አለት ተጣብቆ ይይዛል። ጉልበት ይጠራቀማል። መያዝ ሲያቅተው በስብራቱ መስመር ላይ በድንገት ይንሸራተታል፤ ጉልበቱም ሞገድ ሆኖ ይወጣል። ስምጥ ሸለቆ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ማግማ፣ ማለትም ከምድር ሆድ የሚመጣው ቅልጥ አለት፣ በስንጥቁ ውስጥ፣ ግንድ ሲፈለጥ ሽብልቅ እንደሚገባው እየተሰነቀረ አለቱን ይከፍተዋል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተከፈተ። ወርዱ አንዳንድ ቦታ 8 ሜትር ደርሷል። ፈንታሌና ዶፈን መሃል የተደረገውም የዚሁ ዘመድ ነው። ከሁሉ የከበደው የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት የተመታው፣ 6.0 የተለካው ነው።

ከፈንታሌ እስከ እኛ በቀጥታ ወደ 285 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሞገዱ ሁለት ዓይነት ነው። ፈጣኑ ቀድሞ ይደርሳል፤ ዝግተኛውና ጠንከር አድርጎ የሚያወዛውዘው ከ35 ሰከንድ ያህል በኋላ ይከተላል። የመንቀጥቀጥ መለኪያ ያለው ባለሙያ በሁለቱ መካከል ያለውን ሰከንድ በ8 አባዝቶ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይገምታል። ተማሪዎች፣ አሁኑኑ አስሉት፤ ይገጥማል።

እንግዲህ ወሬዎቹ። «ዛሬ ሌሊት ይመጣል» የሚለውን ማንም ይጻፈው፣ ዝም ብላችሁ እለፉት። ቀኑንና ሰዓቱን ለይቶ የሚያውቅ ሳይንስ እስከ ዛሬ የለም። ባለሙያ የሚናገረው የትኛው ቦታ በረጅም ጊዜ የበለጠ እንደሚያሰጋ ነው።

ግድቡን በተመለከተ ጠያቂው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። የግድብ ውሃ ክብደት መንቀጥቀጥ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ሕንድ ውስጥ ኮይና ግድብ አጠገብ በ1967 እ.ኤ.አ. ከባድ ጉዳት ደርሷል። ግን እንዲህ ያለው ነገር የሚታየው ውሃው በተኛበት አካባቢ ነው። ከሕዳሴ ግድብ እስከ ፈንታሌ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደግሞም ፈንታሌ ላይ መሬቱ እየተከፈተ፣ ማግማ እየገባ መሆኑ በሳተላይት ታይቷል። ስምጥ ሸለቆው ግድቡን ጠብቆ አልጀመረም። በ1953 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆው ዳር ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ሲያፈርስ ማን ግድብ ነበረው? ካራቆሬ ደግሞ ከዚህ ከተማ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የእኛ ሥጋት ከስምጥ ሸለቆው ያነሰ ነው። ይሄን ስል ግን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲን 7.0 የተለካ መንቀጥቀጥ መታት፤ ከ100,000 በላይ ሰው አለቀ። በስድስት ሳምንት ልዩነት ቺሊን 8.8 መታት። ጉልበቱ 500 እጥፍ ነው፤ የሞተው ግን 500 ሰው ገደማ ነው። ቦታውና ጥልቀቱም ለውጥ አለው፤ ዋናው ልዩነት ግን አሠራሩ ነው።

እስቲ ወደ እኛ ቤት እንምጣ። ባላገሩ በእንጨት አቁሞ በጭቃ የመረገው ቤት ቀላልና ተለማጭ ነው፤ አይናቅ። እኔን የሚያሳስበኝ ዋናው መንገድ ዳር በየቀኑ የሚነሳው ፎቅ ነው። ላዩ በብሎኬት ተሞልቶ ምድር ቤቱ ለሱቅ ተብሎ ባዶ ይተዋል። በቀጫጭን ኮለን ብቻ ይቆማል። ሲወዛወዝ ቀድሞ የሚሰበረው እሱ ነው። ወልካ አፈር ላይ ከሆነ ደግሞ ባሰ፤ ለስላሳና ጥልቅ አፈር ውዝዋዜውን ያጎላዋል።

አርማታው ሲቦካ ውሃ አታብዙ። ለሠራተኛ ይቀላል፤ ለቤቱ ግን ድክመት ነው። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ። ከሁሉ በላይ ስታፋውን፣ ማለትም ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስረውን ብረት፣ እዩ። ብዙ ጊዜ ጫፉን 90 ዲግሪ አጥፈው ይተዉታል። ኮለኑ ሲወዛወዝ ላዩን የሸፈነው አርማታ ይረግፋል፤ ስታፋው ይከፈታል፤ ቋሚው ፌሮ ይጎብጣል። ጫፉ ወደ ኮለኑ መሃል ገብቶ መታጠፍ አለበት። ኮለንና አግዳሚው ቢም በሚገናኙበት አካባቢ ደግሞ ስታፋው ይጠጋጋ። ይሄ ሁሉ ከጠቅላላ ወጪው አንጻር ኢምንት ነው። ግንበኛው «እኛ ሁሌም እንዲህ ነው የምንሠራው» ካላችሁ፣ ገንዘቡ የእናንተ መሆኑን አትርሱ።

መምህራን፣ ክፍል ውስጥ ሳላችሁ መሬቱ ቢናጥ ልጆቹን ወደ ደረጃ አታሯሩጧቸው። ዴስክ ሥር ገብተው እግሩን ይያዙ፤ ከመስታወት ይራቁ። ሲያቆም በሰልፍ ይውጡ። በዓመት ሁለቴ ብታለማምዷቸው ይበቃል። ሜዳ ላይ ያለ እዚያው ይቁም፤ ወደ ግድግዳ አይጠጋ።

መድረኩ ሥር ሁለት ዓይነት ስታፋ አስቀምጫለሁ፤ አንዱ በትክክል የታጠፈ፣ ሌላው ያልታጠፈ። ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ መጥታችሁ በእጃችሁ እዩት። ጥያቄ ያለው እዚሁ ነኝ። አመሰግናለሁ።