በአንድ ከበሮ የሚያሸበሽቡ ማመንጫዎች

[የመክፈቻ ምስል፦ በምሽት የጨለመ ትልቅ ከተማ]

እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ቪዲዮ ስለ ኤሌክትሪክ መስመር ነው፤ እኔ ግን የማወራው ስለ ሰዓት ነው። አዎ፣ ስለ ሰዓት። ትንሽ ታገሡኝ፣ ይገናኛል።

ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ኦገስት 14 ቀን 2003፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ። በአሜሪካ ስምንት ግዛቶችና በካናዳዋ ኦንታሪዮ 50 ሚሊዮን ለሚሆን ሰው መብራት ጠፋ። የጠፋው ጭነት 61,800 ሜጋዋት ነበር። ይህ ቁጥር ምንም ካልነገራችሁ በአገራችን መስፈሪያ ልስፈርላችሁ፦ የሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። አካፍሉት። ልክ 12 ሕዳሴ። በአንድ ከሰዓት በኋላ 12 ሕዳሴ ጠፋ።

ያጠፋውስ ማን ነው? ዛፍ። ኦሃዮ ውስጥ ጭነት የበዛባቸው መስመሮች ሞቁ፣ ረገቡ፣ ከሥራቸው ካልተቆረጠ ዛፍ ጋር ተነካኩ። ከዚያ በፊት ደግሞ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ የማስጠንቀቂያ ፕሮግራሙ ድምፅ ሳያሰማ ሞቶ ነበር። ሠራተኞቹ ሰላም መስሏቸው ተቀምጠዋል። ዘበኛው ተኝቶ ውሻው ታሞ ሌባ የገባበት ቤት አስቡ።

ለእኔ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መርማሪዎቹ የየጣቢያውን መዝገብ ሰብስበው «የቱ ቀደመ፣ የቱ ተከተለ?» ብለው ሊደረድሩት ተቀመጡ። ሰዓቶቹ አልተገጣጠሙም። እያንዳንዱ መቅረጫ የሚመዘግበው በራሱ ሰዓት ነው፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። ቅደም ተከተሉን ለማስተካከል ብቻ ከባድ ድካም ጠየቀ። አያችሁ፣ ስለ ሰዓት ነው ብያችሁ ነበር።

[ምስል፦ የጥምቀት ወረብ]

እሺ፣ አሁን የምወደው ክፍል መጣ። ጥምቀትን ጎንደር ያከበረ ሰው ይህን ወዲያው በዓይነ ኅሊናው ያየዋል። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመዋል። በአንድ እጅ መቋሚያ፣ በሌላው ጽናጽል፣ መሃል ላይ ከበሮ። ወረቡ በዝግታ ይጀምራል። ረድፉ ሁሉ ወደ ግራ ዘመም፣ ወደ ቀኝ ዘመም። ጽናጽሉ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይሰማል። ሃምሳ ሰው ሆኖ እንደ አንድ ሰው ነው የሚንቀሳቀሰው። ከመሃል አንዱ ወጣት ዲያቆን ቢሳሳት ከሩቅ የቆመ ሕፃን እንኳ ያየዋል። እኔ አንድ ጊዜ ከኋላ ረድፍ ተቀላቅዬ ሞክሬዋለሁ። ያ የሚታየው ስህተት እኔ ነበርኩ።

አሁን እያንዳንዱን መሪጌታ ማመንጫ አድርጉት። ይኼ ሕዳሴ ነው፣ ያ ግልገል ጊቤ ሦስት፣ ያ ጣና በለስ፣ ከዳር ያለው ተከዜ። በተለዋጭ ሞገድ መስመር የተያያዙ ማመንጫዎች ሁሉ በአንድ ምት ነው የሚያሸበሽቡት። በእኛ አገር በሰከንድ 50 ጊዜ፣ በአሜሪካ 60 ጊዜ። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚያሸበሽብ መሪጌታ! ጥምጣሙ አይቆይለትም።

ቀጥሎ የራሴን ጭማሪ ስሙ፤ ይህን በየትኛውም ደብር አታገኙትም። የእያንዳንዱን ሰው ወገብ ከጎረቤቱ ወገብ ጋር በነጠላ እሰሩት። ነጠላው የኃይል ማስተላለፊያ መስመር ነው። ሁሉም በአንድ ምት ይንቀሳቀሳሉ፤ ሆኖም አንዱ በእንጥፍጣፊ ቀደም ይላል፣ አንዱ በእንጥፍጣፊ ይዘገያል። የቀደመው የዘገየውን በነጠላው ይጎትተዋል። ኃይል የምንለው ያንን መጎተት ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። ልዩነቱ ሲሰፋ ነጠላው ይወጠራል፣ የሚተላለፈው ኃይልም ይጨምራል። ወሰን ግን አለው። ከወሰኑ ካለፈ ነጠላው ይቀደዳል፤ ያ ሰው ይሸከም የነበረው በጎረቤቱ ላይ ይወድቃል፣ የጎረቤቱም ነጠላ ይወጠራል፣ እሱም ይቀደዳል። እንዲህ እያለ ረድፉ ሁሉ ይፈርሳል። የ2003ቱ አደጋ ይኸው ነው።

የመሪጌቶቹ መቀዳደም የፌዝ ልዩነት ይባላል፤ የሚለካውም በዲግሪ ነው። ከአደጋው በኋላ መረጃው ሲጠና፣ በክሊቭላንድና በምዕራብ ሚሺጋን መካከል ያለው ልዩነት ሁሉም ከመጥፋቱ በፊት እየሰፋ ሲሄድ ታይቷል። ነጠላው ሲወጠር ቆይቷል ማለት ነው። ያየ ሰው ግን አልነበረም።

ለምን አልታየም? ጎንደር ያለው መሪጌታ ምን ያህል እንደዘመመ፣ ሐረር ያለው ምን ያህል እንደዘመመ ለማነጻጸር ሁለቱን በአንድ ቅጽበት ፎቶ ማንሳት ግድ ነው። አንዱ ፎቶ በመቶኛ ሰከንድ ቢዘገይ፣ በ50 ምት ሰውየው እስከዚያ ድረስ ከግራ ጫፍ ቀኝ ጫፍ ደርሷል። ዋሽታችሁ ሳይሆን ሰዓታችሁ ተሳስቶ ተቃራኒውን ትናገራላችሁ።

ወደ መፍትሔው ልገባ ነበር። ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር የጻፋችሁልኝን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። ከጥያቄዎቹ ግማሽ ያህሉ አንድ ዓይነት ነበር፦ «ኃይሉ ወደ ብሔራዊ ቋት ገባ ይባላል፤ ቋት ካለ ለምን ከቋቱ አይሰጡንም?»

[ምስል፦ በእህል የተሞላ ጎተራ]

እውነቱን ልናገር? ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ የቃሉ ነው። ቋት ስንባል በአእምሯችን የሚመጣው እህል የሚጠራቀምበት ነገር ነው። ዜናው «ወደ ቋት ገባ» ሲል፣ ሰው ኤሌክትሪኩ እንደ ጤፍ ተከምሮ የሚጠብቀው ይመስለዋል። የሚጠብቅ ነገር የለም። መስመሩ ውስጥ የተከማቸ ኤሌክትሪክ የለም። ግድቡ የሚያጠራቅመው ውኃ ነው። አንቺ አሁን ምጣድሽን ስትሰኪ፣ የሆነ ቦታ የሚሽከረከር ተርባይን በዚያችው ቅጽበት ክብደቱ ይሰማዋል። በጥቂቱ ይዘገያል፤ ከእሱም ጋር በመላ አገሪቱ ያሉት ሁሉ በጥቂቱ ይዘገያሉ። ከዚያ የውኃው በር ሰፋ ይልና ምቱ ይመለሳል። ትልልቅ ባትሪዎች በየአገሩ እየተተከሉ ነው፣ አውቃለሁ፤ እነሱም የሚያግዙት ለተወሰነ ጊዜ ነው። ቃሉን የመለወጥ ሥልጣን ቢኖረኝ «ብሔራዊ ማኅበር» እለው ነበር። ሁሉም አምጥቶ ሁሉም እዚያው ይበላዋል፤ ለነገ የሚተርፍ የለም።

«ታዲያ ግድቡ ተመርቆ የእኔ ቤት ለምን ይጠፋል?» ይኼ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ከሕዳሴ የሚነሳው መስመር 500 ኪሎ ቮልት ነው፤ እስከ ሆለታ ይመጣል። ከዚያ ቮልቴጁ ደረጃ በደረጃ እየወረደ፣ እናንተ ሰፈር ሲደርስ በምሰሶው ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ይቀበለዋል። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ይወስዳል እንበል። ትራንስፎርመሩ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው እንበል፤ ለምጣድ ሲሆን 100 ኪሎዋት በሉት። 28 ምጣድ አንድ ላይ ሲሰካ 98 ሆነ፤ አለቀ። ከበዓል ዋዜማ በአንድ ሰፈር ስንት ምጣድ ይጣዳል? እኔ ሰፈር ባለፈው ዓመት ዋዜማ ዕለት ትራንስፎርመሩ ሲፈነዳ ድምፁን ርችት መስሎን ልጆቹ አጨበጨቡ። ለአራት ቀን በከሰል ጋገርን። በዚያ ሰዓት ግድቡ ውስጥ ውኃ ሞልቶ ነበር፤ ለእኛ ምንም አልፈየደልንም።

በሉ፣ ከዚህ ወጣሁ። ቻናሉን ያልተቀላቀላችሁ ተቀላቀሉ፤ የተቀላቀላችሁ ለምጣድ ወዳጅ ጎረቤታችሁ ላኩለት።

ወደ መፍትሔው ልመለስ፤ መፍትሔው አንዲት መለኪያ ሳጥን ናት። በ1970ዎቹ አሩን ፋድኬ የተባለ መሐንዲስ በአንድ የአሜሪካ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ውስጥ፣ መስመርን ከአደጋ የሚጠብቅ ሪሌይ በኮምፒውተር ለመሥራት ይደክማል። ኮምፒውተሩ ሰነፍ ነው። የሚፈለገውን ስሌት በጊዜው መጨረስ አልቻለም። ስለዚህ ሦስቱን ፌዞች (ኃይሉ የሚጓዝባቸውን ሦስት ሞገዶች) አጠቃልሎ ሥራውን የሚያሳጥር የሒሳብ መንገድ ፈለጉ። ከዚያ እግረ መንገዱን አንድ ትርፍ ነገር ወጣ፦ የቮልቴጅን መጠንና ማዕዘን ፈጥኖና በትክክል መለካት። ሪሌዩን ሊሠሩ ተነስተው መለኪያ አገኙ። እኔ ለምርምር ያለኝ ፍቅር ከእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ የመጣ ነው። ኮምፒውተሩ ጎበዝ ቢሆን ኖሮ ይህን መንገድ የሚፈልገው አልነበረም።

ፋድኬ በ1982 ወደ ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እዚያ ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ቶርፕ ጋር ሆነው የጎደለውን አገኙ፤ ሰዓቱን። ሰዓቱ ከሰማይ መጣ፤ ጂፒኤስ። በዚያን ጊዜ የተሰቀሉት ሳተላይቶች ጥቂት ስለነበሩ፣ ሳተላይት በማይታይበት ሰዓት ጊዜውን ይዞ የሚቆይ ረቂቅ የውስጥ ሰዓት ማከል ነበረባቸው። በ1988 የመጀመሪያዋ ሳጥን ተሠራች። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን የምትኖሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ብላክስበርግ የሚገኘው እናንተው ቨርጂኒያ ግዛት ውስጥ ነው። ከአራት ሰዓት በላይ ትነዳላችሁ እንጂ ሩቅ አይደለም።

ሥራዋን በፍጥነት ልበለው። ስሟ ፒኤምዩ ነው፤ የፌዘር መለኪያ ማለት ነው። ከሞገዱ ናሙና ትወስዳለች፣ ፎሪየር በሚባል የሒሳብ ዘዴ ታሰላለች፣ መጠንና ማዕዘን ታወጣለች፣ የጂፒኤስ ጊዜ ታትምበታለች፣ በሰከንድ 30 ጊዜና ከዚያም በላይ ትልካለች። ስካዳ የሚባለው የተለመደው የመቆጣጠሪያ ክፍል ሥርዓት በየጥቂት ሰከንዱ አንዴ ነው የሚጠይቀው። የአንድ ማይክሮ ሰከንድ ስህተት በ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ምት) 0.018 ዲግሪ ነው። ፌዘር የሚባለውን፣ የሞገዱን መጠንና ማዕዘን አንድ ላይ የሚይዘውን ሒሳብ መሐንዲሱ ስታይንሜትዝ በ1893 አቅርቦታል፤ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ዓመት ላይ ስለተማራችሁት አልደግመውም። ያልተማራችሁ የሊቃውንቱን ፎቶ ብቻ ያዙ፤ ሳጥኗ በሁሉም ረድፍ በአንድ ቅጽበት የምታነሳ ካሜራ ናት።

ታዲያ በ2003 የት ነበረች? ነበረች፤ ግን ጥቂት ነበረች። ዕድሜዋ 15 ዓመት ሆኖ አብዛኛው መቆጣጠሪያ ክፍል አያውቃትም። ከዚያ ጥፋት በኋላ ነው ገንዘብ የወጣላት፤ ዛሬ በሰሜን አሜሪካ ከ1,000 በላይ አሉ። ፋድኬና ቶርፕ በ2008 የቤንጃሚን ፍራንክሊን ሜዳሊያ ተሸለሙ። መቼም ዶሮ ታማ በሬ አረዱላት ቢባል ይኼ ነው፤ አንድ ዛፍ ያልቆረጠ ኩባንያ ለሁለት ፕሮፌሰሮች ገበያ ከፈተላቸው።

ስማርት ግሪድ (ብልህ የኤሌክትሪክ መረብ) ሲባል ብዙዎቻችሁ ካርድ ቆጣሪ ነው የሚመጣባችሁ። ቆጣሪው አንድ ቁራጭ ነው፤ ሒሳባችሁን ያውቃል። ግሪዱ ራሱ እንዴት እንደሚያሸበሽብ ግን አያውቅም። ብልህነቱ ያለው ነጠላው ሲወጠር ማየት ላይ ነው ባይ ነኝ።

አንዲት ጨዋታ ልጨምር። በ2018 መጀመሪያ በኮሶቮና በሰርቢያ መካከል በተነሳ ጭቅጭቅ የሚገባው ኃይል ሳይገባ ቀረ። በ25 አገሮች የተያያዘው የአውሮፓ መስመር አማካይ ምቱ ከ50 ወደ 49.996 ወረደ። ምን አላት ትላላችሁ? ምቱን እየቆጠሩ የሚሄዱት የምድጃና የራስጌ ሰዓቶች እስከ ማርች ድረስ ስድስት ደቂቃ ያህል ዘገዩ። ፍራንክፈርት ያለችው የአክስቴ ልጅ በዚያ የብርድ ወራት ሥራ እየረፈደባት «የምድጃው ሰዓት ነው» ስትል ማንም አላመናትም። ይኸው፣ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ከኬንያ ጋር የሚያገናኘን መስመር ደግሞ እንዲህ አይነካካም። ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው ምት በሌለው በቀጥተኛ ሞገድ ነው። ከወገባቸው አልታሰርንም፤ እንደ ጎረቤት በአጥር ላይ ሰሐን እናቀብላለን እንጂ። የእነሱ ምት ቢዛባ የእኛን አብሮ አይጎትትም።

[ምስል፦ ግድግዳ ላይ ያለ ማከፋፈያ፣ በላዩ የተሰካ ትንሽ መለኪያ]

የመጨረሻዋ ነገር የእኔ ልመና ናት። ፕሮፌሰር ዪሉ ሊዩ በዚያው በቨርጂኒያ ቴክ የጀመሩት፣ በኋላ ወደ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የወሰዱት ኤፍኔት የሚባል ሥራ አለ። ሳጥኑ ከተራ የቤት ሶኬት ላይ ይሰካል። ከፍተኛ ቮልቴጅ የለ፣ የጣቢያ ፈቃድ የለ፤ ቢሮ ውስጥ ሰክተህ የአገሩን ምት ታነባለህ። በአንድ ጥግ ማመንጫ ሲወድቅ መንቀጥቀጡ እንደ ኩሬ ማዕበል ከተማ ለከተማ ሲሄድ ይታያል። ባሕር ዳር፣ አርባ ምንጭ፣ ጅማ፣ አዳማ ያላችሁ የኤሌክትሪክ ተማሪዎች፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ለሃያኛ ጊዜ ያንኑ የሲሙሌሽን መስመር ከምትደግሙ፣ አምስት ሶኬት ፈልጋችሁ ይህን ብትሞክሩት ምናለ?

እስከዚያ በቀላሉ እንጀምር። ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ፍሪኩዌንሲ (ምቱን) የሚያነብ መለኪያ ያላችሁ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለአምስት ደቂቃ ቅረጹና ላኩልኝ። ሰዓቱን ከስልካችሁ አሳዩኝ፤ ከግድግዳው ሰዓት አይሆንም። 3 ሰዓት ያልኩትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ባለፈው ጊዜ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስተህ የቀረጽክልኝ የአዳማው ወንድሜ፣ ቪዲዮህ ደርሶኛል። ምጣድ ያልተጣደበት ሰዓት ስለነበር መስመሩ ልክ 50 ላይ ተኝቷል።