የ40 ቀኑ ሕፃን ምን አጠፋ?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ከልቤ አልወጣ ስላለኝ አንድ ጥያቄ ነው።

የእህቴ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ውሃው ሲነካው እሪ አለ። ይሄ ልጅ ምን አጠፋ? አልኩ በሆዴ። ጥንተ አብሶ፣ ማለትም ከአዳም የመጣ የጥንት በደል፣ የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። የአዳም በደል ሕፃኑ ጋ እንዴት እንደደረሰ ግን ጠይቄ አላውቅም።

የቀደሙትን አባቶች ሳነብ መልሳቸው አንድ አልሆነልኝም። በ2ኛው መቶ ዘመን የሊዮን ከተማ ጳጳስ ሄሬኔዎስ አዳምና ሔዋንን የሚያያቸው እንደ ልጆች ነው፤ ገና ያልበሰሉ፣ ለመታለል ቅርብ የሆኑ። ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ ሕፃናትን የምናጠምቃቸው ኃጢአት ባይኖርባቸውም ነው ይላል፤ ቅድስናን፣ ልጅነትን፣ ርስትን እንዲያገኙ። ይሄን ሳነብ ቅልል አለኝ።

አውግስጢኖስ ግን ይከብዳል። ዛሬ አልጄሪያ በምንላት አገር የሂፖ ጳጳስ ነበር። ሮሜ 5፥12 በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ሁሉ ኃጢአትን ስላደረጉ» ይላል። እሱ ያነበበው ላቲን ግን «በእርሱ ሁሉ በደሉ» ተብሎም ይነበባል። ሁላችንም አዳም ውስጥ ነበርን ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ሕፃኑም ዕዳ አለበት። «ኑዛዜ» በሚባለው መጽሐፉ ላይ፣ አፉን ያልፈታ ሕፃን ሌላው ሲጠባ እያየ በቅናት ፊቱ ገርጥቶ ማየቱን ጽፏል። እውነቱን ነው። የእህቴ ትልቋ ልጅ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ወንድሟ ጡት ሲይዝ የምታየውን አስተያየት አይቻለሁ። በደለኛ ናት ለማለት ግን አፌ አይታዘዝልኝም።

ፔላግዮስ የሚባል ከብሪታንያ የመጣ መናኝ በዚያው ዘመን ሮም ውስጥ ያስተምር ነበር። ሰው የአዳምን በደል ይዞ አይወለድም፤ ከፈቀደ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ መጠበቅ ይችላል ይል ነበር። በ418 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን አፍሪካ ካርቴጅ ከተማ የተሰበሰበ የጳጳሳት ጉባኤ ትምህርቱን አወገዘ። መጀመሪያ ልቤ ያደላው ወደ እሱ ነበር፤ ለሕፃኑ የሚራራ መስሎኝ።

በኋላ ስለ ራሴ አሰብኩ። ቁጣዬን እተዋለሁ ብዬ ስንቴ ንስሐ ገብቻለሁ! ትችላለህ ከተባልኩና ካልቻልኩ፣ ማን ያነሣኛል? አውግስጢኖስ «ያዘዝኸውን ስጥ፤ የወደድኸውን እዘዝ» ብሎ ይጸልያል። ፔላግዮስ ይህን ጸሎት ሮም ውስጥ ሲሰማ ተቆጣ ይባላል። ለእኔ ግን እስትንፋስ ሆነኝ። ስለ ሕፃኑ አሁንም አፈወርቅን ነው የምሰማው። ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ ግን በልቤ የምለው ያችን የአውግስጢኖስን ጸሎት ነው።