«እስከዚያው» ብለን የገባንበት ሥራ

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን ወደ አዳማ በደህና መጣችሁ። ከሞጆ፣ ከአዋሽ፣ ከአዲስ አበባ የመጣችሁ አላችሁ። ቅዳሜያችሁን ስለሰጣችሁን አመሰግናለሁ። ለጉምሩክ አስተላላፊ፣ የአስመጪን ዕቃ ከጉምሩክ ለሚያስለቅቀው ትራንዚተር፣ ቅዳሜ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ዕቃው ወደብ ላይ የቆመበት አስመጪ በዓልም እሁድም አያውቅም።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በልጅነቱ «ሳድግ ትራንዚተር ነው የምሆነው» ያለ ሰው አለ? ዶክተር ያለ አይጠፋም። ፓይለት ያለማ ሞልቷል። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር የምለው። አብዛኞቻችን የገባነው «እስከዚያው» ብለን ነው። ሌላ ሥራ እስኪገኝ፣ የማታው ትምህርት እስኪያልቅ፣ የውጭው ነገር እስኪሳካ። እኔም የመምህርነት ምደባ ስጠብቅ አንድ ዘመዴ ቢሮ ሰነድ ማመላለስ ጀመርኩ። ምደባው ሲመጣ ዲክላራሲዮን፣ ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ ቅጽ፣ መሙላት ለምጄ ነበር። ይኸው ፀጉሬ ሸበተ።

ስለ ማህበሩ ሥራ በኋላ ሪፖርት ይቀርባል። እኔ ማውራት የፈለግኩት ይህ ሥራ እኛን ምን አድርጎን እንደሆነ ነው።

አንድ ካርቶን የብረት ብሎን እንውሰድ። ኢንቮይሱ «የመኪና መለዋወጫ» ይላል። አስመጪውም የሚነግርህ ያንኑ ነው። አዲስ ልጅ ቶሎ ብሎ፣ ዕቃን ሁሉ በቁጥር መድቦ ቀረጡን ከሚያሳየው ታሪፍ፣ የተሽከርካሪ ክፍሎች ያሉበት 87.08 ውስጥ ይከተዋል። ማን ይፈርድበታል? የታሪፉን ማስታወሻ ያነበበ ሰው ግን ለመኪናም ይምጣ ለወፍጮ፣ የብረት ብሎን ቦታው 73.18 እንደሆነ ያውቃል። ለጠቅላላ አገልግሎት የሚውል ክፍል ነውና። እዚህ ላይ ከተሳሳትክ ስህተቱ እዚያው አይቀርም። ቫቱ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ቀረጡና ኤክሳይዙ ተደምረው ነው፤ ተጨማሪው ግብር፣ ሱር ታክሱ፣ ደግሞ በነዚያ ሁሉ ላይ። ወይ የደንበኛህ ገንዘብ ያለአግባብ ይሄዳል፣ ወይ ቅጣት ይመጣል።

እኔን እንዲህ ያለው ነገር ነው የለወጠኝ። ጥንት አፌ ፈጣን ነበር፤ ለሁሉም ነገር መልስ ነበረኝ። አሁን «ላጣራና ልንገርህ» ማለት ለምዶብኛል። ባለቤቴ «አንተ እኮ የሻይ ቅጠል ፓኬት ጀርባውን ሳታነብ አትገዛም» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ታላላቆቻችን ደግሞ ከእኔ የባሰ አይተዋል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገራችን ዕቃ በብዛት የሚገባው በአሰብ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ሁሉም ነገር ወደ ጅቡቲ ዞረ። አሰብን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ሰው በአንድ ጊዜ ጀማሪ ሆነ። ሌላ ወደብ፣ ሌላ መንገድ፣ ፈረንሳይኛ የተቀላቀለበት ወረቀት። ከዚያ ኮምፒውተሩ መጣ። በ2006 አዲሱ የጉምሩክ አዋጅ ወጣ፤ በ2010 ባቡሩ በደጃችን ሥራ ጀመረ። ታሪፉም ቢሆን በየአምስት ዓመቱ ገደማ ይከለሳል። አንድ አንጋፋ አባላችን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ከልጃቸው የምታንስ ልጅ አጠገብ ተቀምጠው፣ «የኔ ልጅ፣ ይህቺን ቁልፍ እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቷ ደግማ አሳየቻቸው። እሳቸው በእስክሪብቶ መዳፋቸው ላይ ጻፉት። በዚያ ዕድሜ ተማሪ ለመሆን አለማፈር ከየትኛውም ዲፕሎማ ይበልጥብኛል።

ግን አንዋሽ። ሥራው ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየ ሁሉ አላደገም። «እዚያ ያለውን ሰውዬ አውቀዋለሁ» እያሉ ዓመታት የገፉ ነበሩ። ሕጉን ሳይሆን ሰውዬውን ነበር ያጠኑት። ሰውዬው ሲዛወር ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ዛሬ ዕቃህ በአረንጓዴ መስመር ሳይፈተሽ ማለፉን፣ በቢጫ ሰነዱ መታየቱን ወይም በቀይ ዕቃው ራሱ መፈተሹን የሚለየው የጉምሩክ የስጋት መመዘኛው ነው። ዝምድና ድሮም ብዙ አያስኬድም ነበር፤ አሁንማ ጭራሽ።

ወጣቶቹን፣ በተለይ ኋላ ወንበር ላይ የተደረደራችሁትን፣ ሥራችሁን ውደዱት ብዬ አልሰብካችሁም። ሌላ ነገር እየፈለጋችሁ ከሆነ ፈልጉ፤ ማንም አይቀየማችሁም። እስካላችሁ ድረስ ግን ታሪፉን ግለጡ። ሰነድ ስታመላልሱ ፖስታውን ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውን እዩ። «ይህ ለምንድነው እዚህ የተመደበው?» ብላችሁ ጠይቁ። የጠየቃችሁት ሰው ከተቆጣ፣ ምናልባት እሱም አያውቀውም ይሆናል።

ለዚህ ነው ቦርዱ ዛሬ አንድ ሐሳብ ይዞ የቀረበው። ነባር አባል ሁሉ ከሌላ ቢሮ የመጣ አንድ ጀማሪ ይያዝ። ከራሱ ቢሮ አይሁን፤ አለቃና ሠራተኛ ሲሆኑ ጥያቄ ይታፈናል። በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማህበሩ ቢሮ ተሰብስበን የታሪፉን ማስታወሻዎች አብረን እናንብብ። ቡናውን ማህበሩ ይችላል። «ተወዳዳሪዬን ላሠልጥን እንዴ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ይነሳና በግልጽ ይከራከር፤ ከሰዓት በኋላ ሰፊ ጊዜ ይዘንለታል።

ከዚያ በፊት የሥራ ሪፖርቱን እንሰማለን፣ የኦዲት ሪፖርቱ ይከተላል፣ ከምሳ በፊት አስመራጭ ኮሚቴ እንሰይማለን። የአባልነት መዋጮ ያልከፈላችሁ በር ላይ ሒሳብ ሹሟ ትጠብቃችኋለች፤ ሳይከፍሉ ድምፅ መስጠት አይቻልም። ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን እያበሰርኩ መድረኩን ለጸሐፊያችን እለቃለሁ።